በቀጠሮ ያደረ ነጻነት፤ የፖርቶ ሪኮው አገረ ገዥ የሉዊስ ሙኞስ ማሪን የፖለቲካ ሕይወት

ፖርቶ ሪኮ በካሪቢያን ባሕር ከሂስፓኒዮላ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ፣ ስፋቷ ወደ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ መካከሏ ተራራ ዳርቻዋ ሜዳ የሆነ ደሴት ናት። አራት መቶ ዓመት ያህል በእስፓኝ ነገሥታት ሥር ስትተዳደር ከኖረች በኋላ፣ የዚያ መንግሥት ኃይል በደከመበትና በጎረቤቷ በኩባ ያመፁት ሰዎች እጅ አንሰጥም ባሉበት ሰዓት፣ በኖቬምበር 1897 የራስ ገዝ አስተዳደር ቻርተር ከማድሪድ ተሰጣት (በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ቻርተር ለማስገኘት በብዕሩና በአንደበቱ ከማንም ይልቅ የደከመው የተራራዋ ከተማ የባራንኪታስ ተወላጅ፣ ባለ ቅኔውና ጋዜጠኛው ሉዊስ ሙኞስ ሪቬራ ነበረ። በፌብሩዋሪ 1898 አዲሱ የደሴቲቱ ካቢኔ ሥራውን ሲጀምር እርሱ ከሚኒስትሮቹ ዋነኛው ሆነ፤ በዚያው ወር በ18ኛው ቀንም ሚስቱ አማልያ ማሪን ወንድ ልጅ ወለደችለትና በአባቱ ስም ሉዊስ ተባለ። ሕፃኑ ገና ከእቅፍ ሳይወርድ፣ ጁላይ 25 ቀን፣ ከእስፓኝ ጋራ ጦርነት የገጠሙት የአሜሪካ ወታደሮች በደቡብ ጠረፍ በጓኒካ ወደብ ወረዱ፤ በዲሴምበርም በፓሪስ በተፈረመው ውል ደሴቲቱ ከነሕዝቧ፣ ሕዝቧም ፈቃዱን ሳይጠየቅ፣ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ተላለፈች። አባትየው ዕድሜውን ሙሉ የደከመበት ሥልጣን ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከእጁ ወጣ።

አዲሶቹ ገዦች በ1900 ባወጡት ሕግ መሠረት አገረ ገዥው ከዋሽንግተን እየተሾመ የሚላክ፣ ሕዝብ የሚመርጠው ምክር ቤትም ከመናገር አልፎ የመወሰን ሥልጣኑ እጅግ የጠበበ ሆነ። ሙኞስ ሪቬራ የተረፈውን ዕድሜውን ያንኑ ያመለጠውን የራስ አስተዳደር በልመናና በክርክር ለማስመለስ አዋለው፤ ከ1911 ጀምሮም በአሜሪካ ኮንግሬስ ውስጥ እንዲናገር እንጂ ድምፅ እንዲሰጥ የማይፈቀድለት የደሴቲቱ ወኪል ሆኖ በዋሽንግተን ተቀመጠ። ልጁም በሳን ሁዋን፣ በኒው ዮርክና በዋሽንግተን መካከል እየተመላለሰ፣ እስፓኝኛውም እንግሊዝኛውም የአፍ መፍቻው ያህል ሆኖለት አደገ፤ በጆርጅታውን በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ገብቶ ቢማርም፣ አባቱ ለወጠነለት ለሕግ ትምህርት ልቡ አልቀና አለው። በኖቬምበር 1916 አባቱ ሲሞት ሉዊስ የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበረ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በማርች 1917፣ የደሴቲቱ ሰዎች የአሜሪካ ዜጎች ናቸው የሚል ሕግ ወጣ፤ ዜግነቱ ግን ፕሬዚዳንቱን ለመምረጥ አያበቃም ነበር፣ አገረ ገዥውም እንደ ቀድሞው ከባሕር ማዶ ይሾም ነበር።

የታላቅ ሰው ልጅ መሆን ዕዳ አለበት፤ ወጣቱ ሉዊስ ግን ይህን ዕዳ ለመክፈል አልቸኮለም። ትምህርቱን ጥሎ በኒው ዮርክ ከደራስያንና ከሠዓልያን ጋራ ዋለ አደረ፤ ግጥም ጻፈ፣ የአሜሪካንን ባለ ቅኔዎች ወደ እስፓኝኛ መለሰ፣ በታወቁት መጽሔቶችም ስለ አገሩ ድህነት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣ። በ1919 እርሷም ባለ ቅኔ የነበረችውን የሚሲሲፒ ተወላጅ ሙና ሊን አገባ። በ1920 ወደ ደሴቲቱ ተመልሶ ከሠራተኞቹ መሪ ከሳንቲያጎ ኢግሌሲያስ ጋራ ለሶሻሊስት ፓርቲ በየመንደሩ ሲሰብክ፣ የአባቱ የቀድሞ ባልንጀሮች የሙኞስ ሪቬራ ልጅ ከአገዳ ቆራጮች ጋራ ምን ያደርጋል ብለው አዘኑ፤ እርሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ ሌላ ዐሥር ዓመት በዚያ አሳለፈ። እንደ ልማዱ ገንዘብ አይበረክትለትም ነበር፣ ሌሊቱንም ቀን ያደርገው ነበር። በኋላ ሕዝቡ በቅጽል «ባለ ቅኔው» እያለ ሲጠራው የቀረው ከዚያ ዘመን ነው፤ ጠላቶቹ ለማንቋሸሽ፣ ወዳጆቹ ለማክበር ያንኑ አንድ ስም ይጠሩት እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

በ1931 ለመጨረሻ ጊዜ ጠቅልሎ ሲገባ ያገኛት ደሴት በመከራ ላይ መከራ የተደረበባት ነበረች። በሴፕቴምበር 1928 የሳን ፌሊፔ ዐውሎ ነፋስ የተራራውን ቡና ከሥሩ ነቅሎት ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላም ሳን ሲፕሪያን የተባለው ሌላው ዐውሎ ነፋስ የተረፈውን ጠረገው። በሜዳው ላይ ከጠረፍ እስከ ተራራው ግርጌ የተዘረጋው የሸንኮራ አገዳ ነበረ፤ ከዚያም ውስጥ ሰፊው ባለቤቶቻቸው በአሜሪካ ለሚኖሩ ኩባንያዎች የተያዘ ነበረ። አንድ ኩባንያ ከ500 ኤከር በላይ መሬት እንዳይዝ የሚከለክል ሕግ ከ1900 ጀምሮ ተጽፎ ነበር፤ ቅጣት ግን አልተጻፈበትምና ማንም አላከበረውም። አገዳ ቆራጩ በዓመት ጥቂት ወራት ሠርቶ፣ የቀረውን ወራት «ሙት ወቅት» ብሎ በጾም ያሳልፈው ነበር። ሙኞስ ማሪን አባቱ ያቋቋመውን «ላ ዴሞክራሲያ» የተባለ ጋዜጣ ማዘጋጀት ያዘ፤ ነጻነትን ከሚሻው ከአንቶኒዮ ባርሴሎ የሊበራል ፓርቲ ጋራ ተሰልፎም በ1932 ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተመረጠ። በዚያን ጊዜ እርሱ ራሱ ፍጹም የነጻነት ወገን ነበረ፤ ይህን አንባቢ እስከ መጨረሻው አይርሳብን።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት በሆኑ ጊዜ፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፈውና በዋሽንግተን ያደገው ሴናተር ከማንኛውም የደሴቲቱ ሰው ይልቅ በሮች ተከፈቱለት። ሚስዝ ሩዝቬልት በ1934 መጥተው የሳን ሁዋንን የድሆች ሰፈር በእግራቸው እየዞሩ አዩ፤ የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ገንዘብ መጣ፤ በገንዘቡም ላይ ማን ይሾም ማን ይሻር በሚለው ነገር የሙኞስ ቃል ይደመጥ ጀመር። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 1936 የፖሊስ አዛዡ ኮሎኔል ፍራንሲስ ሪግስ ለነጻነት በሚታገለው በናሲዮናሊስት ፓርቲ ሁለት ወጣቶች ተገደለ፤ ወጣቶቹም ተይዘው በተወሰዱበት ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ያለ ፍርድ ተገደሉ። የደሴቲቱን ጉዳይ በዋሽንግተን የሚመሩት ኧርነስት ግሩኒንግ የአዛዡን መገደል በአደባባይ እንዲያወግዝ ሙኞስን ሲጠይቁት፣ የወጣቶቹ ያለ ፍርድ መገደል አብሮ ካልተወገዘ አላደርገውም አለ። ይህ መልስ በዋሽንግተን የነበረውን ሞገስ ሁሉ አሳጣው። ፖለቲከኛ ሆኖ ያለ ስሌት የፈጸመው ሥራ እምብዛም አይገኝም፤ ይህ ግን ከጥቂቶቹ አንዱ ይመስለኛል።

የሪግስ ወዳጅ የነበሩት ሴናተር ሚላርድ ታይዲንግስ ደግሞ በዚያው ዓመት ለፖርቶ ሪኮ ነጻነት የሚሰጥ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ረቂቁ ከላይ ሲታይ የዘመናት ጸሎት መልስ ይመስል ነበር፤ ውስጡ ሲታይ ግን በአራት ዓመት ውስጥ የደሴቲቱ ስኳር በአሜሪካ ገበያ እንደ ማንኛውም የባዕድ ስኳር ሙሉ ቀረጥ እንዲከፍል ያዝዝ ነበርና፣ ሰው ሁሉ በስኳር የሚኖርባትን አገር በረኃብ ለመቅጣት የተጻፈ መሆኑ አይሰወርም። ሽማግሌው ባርሴሎ በረኃብም ቢሆን ነጻነት ይምጣ አሉ። ሙኞስ ማሪን ግን ደነገጠ። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ነገር በእጁ ሊገባ በቀረበበት ሰዓት በስተጀርባው ረኃብን አይቶ ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ በእርሱ ልብ ነጻነትና ዳቦ ሁለት የሚጣሉ ነገሮች ሆኑ። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ፤ ፓርቲው በዚያው ዓመት ምርጫ ተሸነፈ፤ ለሽንፈቱም አሉ የሊበራል ሹማምንት፣ ምርጫውን እንተወው ብሎ የመከረው ሙኞስ ነው ጥፋተኛው። በ1937 ከአባቱ ወራሾች ፓርቲ ተባረረ።

በዚያው ዓመት በማርች 21 ቀን፣ በዓለ ሆሣዕና ሲከበር፣ በፖንሴ ከተማ ናሲዮናሊስቶቹ ሰልፍ ለመውጣት ፈቃድ ካገኙ በኋላ አገረ ገዥው ጄኔራል ብላንተን ዊንሺፕ ፈቃዱን አሽረው ስለ ነበር፣ ፖሊስ በሰልፈኛው ላይ ተኩሶ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ሞተ፤ ከመቶ በላይም ቆሰለ። መሪያቸው ፔድሮ አልቢሱ ካምፖስ፣ በሃርቫርድ ሕግ የተማረው ጽኑ ሰው፣ መንግሥትን ለመገልበጥ አሢረሃል ተብሎ ቀድሞ ተፈርዶበት ነበር። እርሱና ሙኞስ በአንድ ትውልድ የበቀሉ፣ በአንድ ባንዲራ የሚምሉ ነበሩ፤ አንዱ ሰይፍን መረጠ፣ ሌላው የምርጫ ሣጥንን።

በጁላይ 1938 ሙኞስ ማሪን በአባቱ ትውልድ ከተማ በባራንኪታስ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲን አቋቋመ። ገንዘብ የለው፣ ጋዜጣ ቢጤ እንጂ ድርጅት የለው፤ ዓርማው በተራራ የሚኖሩት ገበሬዎች፣ በልሳናቸው ሂባሮ የሚባሉት፣ ከፀሐይ የሚጠለሉበት የገለባ ባርኔጣ ነበረ፤ ከሥሩም ዳቦ፣ መሬት፣ ነጻነት የሚሉ ሦስት ቃላት ተጽፈው ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት በሕይወቱ ውስጥ ከሁሉ የበለጡ ናቸው ብል ሹመቱን ማሳነሴ አይደለም። በተቆረጡ መንገዶች፣ በየመስቀለኛው፣ በየሱቁ ደጃፍ እየቆመ ለዐሥር ሰውም ለመቶ ሰውም ይናገር ነበር፤ ባለ ቅኔነቱን ትቶ ሂባሮው ራሱ በሚናገረው ቋንቋ ይናገር ነበር። ባለ ርስቶች በየምርጫው የድሀውን ድምፅ በሁለት ዶላር የሚገዙበት ልማድ ነበረና፣ ሙኞስ ለገበሬው ይለው የነበረው በአጭሩ ይህ ነው፤ ሁለት ዶላሩን ብትወስድ ፍትሕን ትተሃል፣ ፍትሕን ብትሻ ሁለቱን ዶላር ተው፣ ሁለቱን ባንድነት አታገኝም። ደግሞም ድምፅህን አበድረኝ፤ ቃሌን ባልጠብቅ በሚመጣው ምርጫ ንሣኝ ይል ነበር። «ኤል ባቴይ» የምትባል ትንሽ ጋዜጣ በየጎጆው በነጻ ትታደል ነበር፤ ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያነብብለት ነበር። ከምርጫው በፊት የፓርቲው ዕጩዎች በሕዝብ ፊት ተሰብስበው፣ ብንመረጥ እነዚህን ሕጎች እናወጣለን ብለው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ምክር ቤት ከመግባት በፊት ለድሀ መማል በዚያች ደሴት ታይቶ አይታወቅም ነበር።

እዚህ ላይ ግን ከሁሉ የከበደው ውሳኔ ተወሰነ። ገበሬዎቹ ነጻነት የሚለውን ቃል ሲሰሙ አሜሪካ ትታን ትሄዳለች፣ የእርዳታውም ዱቄት ይቀርብናል ብለው ይፈሩ እንደ ነበር ሙኞስ በየሰፈሩ ሲዞር ተረድቶ፣ የደሴቲቱ የወደፊት ሥርዓተ መንግሥት በዚህ ምርጫ አይነሣም፤ የሚሰጠን ድምፅ ለነጻነትም ለመጠቃለልም ተብሎ አይቆጠርም ብሎ ዐወጀ። የነጻነቱ ነገር እንደ ችሎት ነገር በቀጠሮ አደረ። ቀጠሮው የተሰጠው ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር፤ ባልንጀሮቹም፣ አብዛኞቹ ነጻነትን የሚሹ ነበሩና፣ ለጊዜው መስሏቸው ተስማሙ። በኖቬምበር 1940 ፓርቲው ከዐሥራ ዘጠኙ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት መቀመጫዎች ዐሥሩን አገኘ። አንዲት መቀመጫ ነበረች የበለጠው፤ ያቺም በቃችው።

ሙኞስ ማሪን የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ ሩዝቬልት በ1941 ሬክስፎርድ ተግዌልን አገረ ገዥ አድርገው ላኩ። ተግዌል የመንግሥት ዕቅድ ባለሙያ፣ ቀጥተኛና ትዕግሥት የጎደላቸው ሰው ነበሩ፤ ሙኞስ ደግሞ የሕዝብን ልብ የሚያውቅ፣ ቀጠሮ የማያከብር፣ ሌሊት የሚያስብ ሰው ነበረ፤ ሁለቱ አንዱ ባንዱ ሲበሳጩ አብረው የሠሩት ሥራ ግን ታላቅ ነው። በ1941 የወጣው የመሬት ሕግ ያንን የተረሳውን የ500 ኤከር ወሰን ሥጋ አለበሰው፤ በጌታ መሬት ላይ በጭሰኝነት ይኖር የነበረው ሰው ጎጆውን የሚሠራበትና አትክልት የሚተክልበት፣ ከሩብ ኤከር እስከ ሦስት ኤከር የሚደርስ ቦታ ተሰጠው። ይህ ቦታ ሀብታም አያደርግም ነበር፤ ነገር ግን ማንን እንደ መረጥህ ዐውቄአለሁና ከመሬቴ ውጣ የሚለው ማስፈራሪያ ከዚያ ወዲያ አልሠራም። የውሃውና የመብራቱ ሥራ፣ የዕቅድ መሥሪያ ቤቱ፣ የልማት ባንኩ ሁሉ በነዚያ ዓመታት ተቋቋሙ፤ በ1942 የተመሠረተውን የኢንዱስትሪ ልማት ኩባንያ ወጣቱ ፋርማሲስት ቴዎዶሮ ሞስኮሶ መራው። በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ጠማቂዎች አልኮሉን ለጦር ሥራ ስላዋሉት የፖርቶ ሪኮ ሮም በገፍ ተሸጠ፤ በሮሙ ላይ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለደሴቲቱ ግምጃ ቤት ይመለስ ነበርና፣ ከተሠራው ሥራ ሁሉ ብዙውን የከፈለው የጠጪው ገንዘብ ነው።

በ1944 ፓርቲው ከዐሥራ ዘጠኙ መቀመጫዎች ዐሥራ ሰባቱን ወሰደ። እንግዲህ ቀጠሮው ደረሰ ያሉት የነጻነት ወገኖች ማኅበር ሠርተው ጥያቄያቸውን አነሡ። ሙኞስ ግን በዚህ መካከል የዋሽንግተን የታሪፍ ባለሙያዎች ያዘጋጁትን ጥናት አንብቦ፣ ያለ አሜሪካ ገበያ ነጻ የምትወጣ ደሴት ኑሮዋ ይወድቃል የሚለውን ድምዳሜ በልቡ ተቀብሎ ነበር። በ1946 በጋዜጣ ባወጣቸው ጽሑፎች ለአሮጌው ዓላማ አዲስ መንገድ መፈለግ አለብን አለ። የተከፉት ወጥተው በዚያው ዓመት በጊልቤርቶ ኮንሴፕሲዮን ዴ ግራሲያ መሪነት የነጻነት ፓርቲን አቋቋሙ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1946 የሙኞስን ባልንጀራ ሄሱስ ፒኜሮን ሾሙ፤ በአሜሪካ ዘመን አገረ ገዥ የሆነ የመጀመሪያው የደሴቲቱ ተወላጅ እርሱ ነው። በኦገስት 1947 ደግሞ ከዚህ በኋላ አገረ ገዥውን ሕዝቡ ራሱ ይምረጥ የሚል ሕግ ተፈረመ።

ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በጁን 1948፣ ሙኞስ የሚመራው ምክር ቤት መንግሥትን በኃይል ለመጣል የሚመክርን ወይም የሚጽፍን ሁሉ በእስራት የሚቀጣ፣ ሕዝቡ «የአፍ ልጓም» ብሎ የሰየመውን ሕግ አወጣ። አልቢሱ ካምፖስ ከአትላንታ እስር ቤት ተፈትቶ በዲሴምበር 1947 ተመልሶ ነበር፤ ሕጉ ለማን እንደ ተቆረጠ ማንም አልተሳሳተም። በዚህ ሕግ ዘመን የደሴቲቱን ባለ አንድ ኮከብ ባንዲራ ማውለብለብ እንኳ ያስጠረጥር ነበር። በ1936 ለሁለት ያለ ፍርድ ለተገደሉ ወጣቶች ሲል ሞገሱን ያጣው ሰው ይህን ሕግ ሲያወጣ ማየት ለወዳጆቹም የሚከብድ ነው፤ እኔም የማስተባብልበት ቃል የለኝም።

ኖቬምበር 2 ቀን 1948 ሙኞስ ማሪን ከመቶ 61 ድምፅ አግኝቶ፣ ጃንዩዋሪ 2 ቀን 1949 በዓለ ሲመቱ በሳን ሁዋን ሲከበር፣ ደሴቲቱ ከእስፓኞች መስፈር ጀምሮ በአራት መቶ አርባ ዓመት ታሪኳ ራሷ የመረጠችው የመጀመሪያው አገረ ገዥ ሆነ። ሂባሮዎች ከተራራ ወርደው ላ ፎርታሌሳ የተባለውን፣ እስፓኞች በ16ኛው መቶ ዓመት የሠሩትን ቤተ መንግሥት በባርኔጣቸው ሞሉት። ከጎኑ የነበረችው ኢኔስ ሜንዶሳ ናት፤ ከሙና ሊ ተፋትቶ በ1946 ያገባት ይህች መምህርት የደሴቲቱ ልጆች በእስፓኝኛ ይማሩ ብላ በመከራከሯ በፊት ከሥራዋ ተባርራ ነበር፤ በ1949 የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ወደ እስፓኝኛ ተመለሰ።

የአስተዳደሩ ዋና ሥራ ኢንዱስትሪ ነበረ። መንግሥት አስቀድሞ የሲሚንቶ፣ የጠርሙስ፣ የካርቶንና የጫማ ፋብሪካዎችን ራሱ አቁሞ ነበር፤ ጥቂት ሠራተኛ ብቻ ስለ ቀጠሩና ሥራ ፈቱን ለማብላት ስላልበቁ አብዛኞቹ በ1950 ለፖንሴው ባለ ጸጋ ለፌሬ ቤተሰብ ተሸጡ፤ ከዚህም ቤት የወጣው ሉዊስ ፌሬ በኋላ ምን እንደሚያደርግ እንመለስበታለን። በምትካቸው የአሜሪካ ባለ ገንዘቦች ያለ ግብር እንዲሠሩ ተጋበዙ፤ የልብስና የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካዎች በአገዳው መካከል በቀሉ፤ በ1956 ከኢንዱስትሪ የሚገኘው ገቢ ከእርሻው ገቢ በለጠ። በ1940 ከአርባ ስድስት ዓመት የማያልፈው የሰው አማካይ ዕድሜ በ1960 ወደ ሰባ ተጠጋ። ይህ የታየ፣ የተዳሰሰ ነገር ነው። ነገር ግን ፋብሪካው አገዳው የለቀቀውን ሁሉ አልያዘምና፣ በ1950ዎቹ ከ400,000 በላይ ሕዝብ በአውሮፕላን ወደ ኒው ዮርክና ወደ ሌሎቹ የሰሜን ከተሞች ተሰደደ። ከሁለት ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ላላት ደሴት ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይገምተው፤ በሥራ ፈትነት መዝገብ ላይ የታየው መሻሻል በከፊል የሄዱት ሰዎች በአገራቸው ስላልተቆጠሩ የመጣ ነበር።

በጁላይ 1950 ኮንግሬስ ደሴቲቱ የራሷን ሕገ መንግሥት እንድትጽፍ የሚፈቅደውን 600ኛውን ሕግ አወጣ። ናሲዮናሊስቶቹ ይህ ቅኝ ግዛትን በፈቃድ መቀበል ነው ብለው፣ ኦክቶበር 30 ቀን በየከተማው ተነሡ። በሃዩያ ብላንካ ካናሌስ የተባለች ሴት ባንዲራውን ሰቅላ ሪፑብሊክ ዐወጀች፤ አምስት ሰዎች በመኪና መጥተው ላ ፎርታሌሳ ላይ ተኮሱ፣ ከእነርሱም አራቱ በግቢው ውስጥ ሞቱ። ሙኞስ የብሔራዊ ዘብን አስነሣ፤ አውሮፕላኖች በሃዩያ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ብዙ መቶ ሰዎች፣ በዐመፁ ያልነበሩ የነጻነት ወገኖች ጭምር፣ ታሰሩ። ከሁለት ቀን በኋላ በዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ትሩማንን ለመግደል ተሞከረ። በነዚያው ወራት የፖርቶ ሪኮ ልጆች የሆኑት የ65ኛው ሬጅመንት ወታደሮች፣ በኋላ የእኛው ቃኘው ሻለቃ በተዋጋበት በኮሪያ ተራሮች ለአሜሪካ ባንዲራ ይሞቱ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ የነጻነት ፓርቲ ባልተካፈለበት ጉባኤ ተጽፎ፣ በማርች 1952 ከአምስት መራጮች አራቱ ተቀበሉት። ኮንግሬስም መረመረው፤ የሥራ፣ የበቂ ኑሮና የመሳሰሉትን መብቶች የሚዘረዝረውን 20ኛውን አንቀጽ ሰርዞ አጸደቀው። ሕዝብ ያጸደቀውን ሕገ መንግሥት ሌላ አካል በእርሳስ ሊሰርዝበት የሚችል ከሆነ ሉዓላዊው ማን እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ መጠየቅ ይገባ ነበር፤ ሙኞስ ማሪን ግን ስረዛውን ተቀብሎ፣ አሜሪካኖች በጓኒካ የወረዱበትን ጁላይ 25 ቀን መርጦ፣ በ1952 ነጻ ተባባሪ መንግሥት መቋቋሙን ዐወጀ፤ ሲያስጠረጥር የኖረውንም ባለ አንድ ኮከብ ባንዲራ በገዛ እጁ ከአሜሪካው ጎን ሰቀለ። በኖቬምበር 1953 የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ26 ድምፅ ድጋፍ፣ በ16 ተቃውሞና በ18 ድምፀ ተዓቅቦ ደሴቲቱን ራሳቸውን ከማያስተዳድሩ ግዛቶች መዝገብ አወጣት። የተቃወሙትንና ዝም ያሉትን ብንደምር ከደገፉት ይበልጣሉ።

በማርች 1954 ሎሊታ ሌብሮንና ሦስት ባልንጀሮቿ በኮንግሬስ አዳራሽ ተኩሰው አምስት እንደራሴዎችን አቆሰሉ፤ ሙኞስ ለአልቢሱ ከጥቂት ወራት በፊት የሰጠውን ምሕረት አንሥቶ እንደ ገና አሰረው። ከዚህ በቀር የ1950ዎቹ ዓመታት ለአገረ ገዥው የተድላ ዓመታት ነበሩ፤ በየአራት ዓመቱ ያለ ድካም ይመረጥ ነበር። ፋብሪካው ሰውን ገዝቶ የሚሸጥ እንዳያደርገው ሰግቶ፣ የአገሩን ጥበብ የሚጠብቅ የባህል ተቋም በ1955 አቋቋመ፤ እናታቸው በማያጉዌስ የተወለዱት ታላቁ የቼሎ ሊቅ ፓብሎ ካሳልስም መጥተው በደሴቲቱ ተቀመጡ።

የመጨረሻው ብርቱ ፈተና ከቤተ ክርስቲያን መጣ። መንግሥት የወሊድ መቆጣጠሪያን ስለ ፈቀደና ለሃይማኖት ትምህርት ለተማሪዎች ጊዜ ይለቀቅ የሚለውን ረቂቅ ስላልተቀበለ፣ በትውልድ አሜሪካውያን የነበሩት የሳን ሁዋኑ ሊቀ ጳጳስ ዴቪስና የፖንሴው ጳጳስ ማክማነስ በኦክቶበር 1960 ባወጡት የግዝት ደብዳቤ፣ ካቶሊካዊ ሁሉ ለሙኞስ ፓርቲ ድምፅ እንዳይሰጥ ከለከሉ። ሕዝቡ ግን ለባርኔጣው ድምፁን ሰጠ፤ ከመቶ 58 አገኘ፣ ጳጳሳቱ የደገፉት ፓርቲ ከመቶ 7 ያህል ብቻ። ግዝቱ በሰሜን ለጆን ኬኔዲም ራስ ምታት ሆኖባቸው ነበር፤ ካቶሊክ ፕሬዚዳንት በጳጳስ ይታዘዛል የሚሉት ጠላቶቻቸው ማስረጃ አገኘን ብለው ነበርና። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም ጳጳሳት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ በ1964 የደሴቲቱ ተወላጅ ሉዊስ አፖንቴ ማርቲኔስ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ።

በ1964 የፓርቲው ጉባኤ በማያጉዌስ ሲሰበሰብ፣ የስድሳ ስድስት ዓመቱ ሙኞስ ማሪን ለአምስተኛ ጊዜ አልወዳደርም አለ። ሕዝቡ እየጮኸ፣ ብዙዎችም እያለቀሱ፣ አራት ዓመት ጨምርልን አሉት፤ እርሱ ግን ዝምተኛውን መሐንዲስ ሮቤርቶ ሳንቼስ ቪሌያን እጁን ይዞ በፊታቸው አቆመው። ከመውረዱ በፊት በሞት አፋፍ ላይ ለነበረው ለአልቢሱ ካምፖስ እንደ ገና ምሕረት አደረገ፤ አልቢሱ በኤፕሪል 1965 ሞተ። በጁላይ 1967 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 60 የሚሆነው መራጭ ተባባሪ መንግሥቱ ይቀጥል አለ። ሆኖም ወራሹ ከፓርቲው ተጣልቶ በራሱ ዓርማ ስለ ተወዳደረ ድምፁ ተከፈለ፤ በ1968ም ደሴቲቱ እንደ አንድ ክፍለ ሀገር ከአሜሪካ ጋራ ትጠቃለል የሚለው ሉዊስ ፌሬ አሸነፈ። ያ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተሸጠለት ቤት ልጅ ላ ፎርታሌሳ ገባ።

ሽማግሌው ከአገረ ገዥነት ወርዶ ከተቀመጠበት ከሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በ1970 ወጥቶ ለጊዜው በኢጣልያ ኖረ፣ የሕይወቱንም ታሪክ ጻፈ፤ በ1972 ተመልሶ በአደባባይ ቆሞ ለወጣቱ ለራፋኤል ኤርናንዴስ ኮሎን ድጋፉን ሲሰጥ ፓርቲው ሥልጣኑን አስመለሰ። ኤፕሪል 30 ቀን 1980 በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ሞቶ በባራንኪታስ ከአባቱ ጎን ተቀበረ፤ የሳን ሁዋን አውሮፕላን ጣቢያም በስሙ ተሰየመ። ለነገ የተቀጠረው ነገር ግን ዳኛ አላገኘም። በጁን 2016 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ የወንጀል ጉዳይ ላይ ሲፈርድ፣ የፖርቶ ሪኮ የመክሰስ ሥልጣን የመጨረሻ ምንጩ ኮንግሬስ ነው አለ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ኮንግሬስ ደሴቲቱ 70 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ መክፈል ስላቃታት አባላቱ በዋሽንግተን የሚሾሙ፣ አገረ ገዥውና ምክር ቤቱ ያወጡትን ባጀት ሊሽር የሚችል የሰባት ሰዎች ቦርድ አቋቋመ።